በሰሜን ሸዋ ረጅም የእግር ጉዞ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አብረውኝ ከተጓዙ፣ ለመጓዝ ካሰቡና "አብደሃል እንዴ?" ካሉኝ ሰዎች የተሰበሰቡ ጥያቄዎች ናቸው።

ሰሜን ሸዋ ስትል የትኛውን ነው?

ሁለት ሰሜን ሸዋ ዞኖች አሉ። አንዱ አማራ ክልል ውስጥ ነው፤ ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን ነው። ሌላው ኦሮሚያ ውስጥ ነው፤ ዋና ከተማው ፍቼ ነው። እዚህ የማወራው ስለ መጀመሪያው ነው። ደብረ ብርሃን፣ አንኮበር፣ ጣርማ በር፣ ደብረ ሲና፣ መንዝ። በፍቼ በኩል ያለው የደብረ ሊባኖስና የጀማ ገደል ራሱን የቻለ ወሬ ነው።

ምልክት የተደረገበት የእግረኛ መንገድ አለ?

መንገዱ አለ፤ ምልክቱ ነው የሌለው። የገበያ መንገድ አለ፣ የቤተ ክርስቲያን መንገድ አለ፣ ከብት ወደ ውሃ የሚወርድበት መንገድ አለ። እነዚህን እየቀጣጠላችሁ ነው የምትሄዱት። ስልካችሁ ላይ ያለው ካርታ አስፋልቱንና ትልልቆቹን የጠጠር መንገዶች ያሳያችኋል። ከዚያ በኋላ ያለውን የሚያሳያችሁ ሰው ነው። እረኛው እስከ ወንዙ ይነግራችኋል። ወንዙ ላይ ልብስ የምታጥበው ልጅ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ትነግራችኋለች። ከቤተ ክርስቲያኑ በኋላ ደግሞ ወደዚያው የሚሄድ አንድ ሰው አይጠፋም።

ስለዚህ "ካርታ አውርደሃል ወይ?" ለሚሉኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው፦ አውርዱ፣ ግን ሰላምታ አትቆጥቡ። ሰላም ያላላችሁት ሰው መንገድ አያሳያችሁም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ከየት ልጀምር?

ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ላምበረት ሄዳችሁ መኪና ትይዛላችሁ። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነ አንድ ሌሊት አድራችሁ ብትነሱ ሳንባችሁ ያመሰግናችኋል። ከዚያ አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጎበዝ በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። እኔ ሁለት ቀን አደርገዋለሁ። ግማሹ ሜዳ ነው፤ የገብስና የባቄላ ማሳ፣ የድንጋይ ካብ፣ ባሕር ዛፍ። ከዚያ ሳታስቡት መሬቱ ያልቅና ገደሉ አፋፍ ላይ ትቆማላችሁ። ከታች እስከ አፋር ድረስ ሜዳው በጭጋግ ተሸፍኖ ይታያል። ብዙ ሰው እዚህ ቦታ ላይ ዝም ይላል። አንዱ ጓደኛዬ ግን "ኔትወርክ አለ!" ብሎ ጮኸ።

ሁለተኛው ጉዞ ከአንኮበር በወፍ ዋሻ ደን ጥግ ጥግ ይዞ ወደ ደብረ ሲና የሚወስደው ነው። ጥድ፣ ኮሶ፣ ዝግባ፣ ከፍ ሲል ደግሞ አስታ ታገኛላችሁ። ዳገቱ ይበዛል። ለዚህኛው የአካባቢውን ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ ደን ውስጥ ሁሉም ቀጭን መንገድ ይመሳሰላል።

ሦስተኛው ቁልቁለት ነው፤ ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ። አንድ ሺህ ሜትር ገደማ ትወርዳላችሁ። ጠዋት ጋቢ ለብሳችሁ ተነስታችሁ ለምሳ በሸሚዝ ትቀመጣላችሁ። አልዩ አምባ ድሮ የሲራራ ንግድ ገበያ ነበረች፤ ዙሪያዋን አርጎባዎች ይኖራሉ። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን ከባሕር ጠረፍ የሚመጣ ግመልም፣ ጨውም፣ መልእክተኛም በዚህ በኩል ነበር የሚያልፈው። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ግጥሙን ትቶ የጠመንጃ ነጋዴ በሆነ ጊዜ ከታጁራ ተነስቶ፣ በረሃውን ለወራት አቋርጦ፣ በ1879 ዓ.ም. አንኮበር ደረሰ። ንጉሥ ምኒልክን ግን እዚያ አላገኛቸውም። እንጦጦ ድረስ መሄድ ነበረበት። እኛ ታክሲ ሲዘገይ እናማርራለን።

መቼ ልሂድ?

ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥር። መስከረምና ጥቅምት ላይ ሜዳው አረንጓዴና ቢጫ ነው፤ አደዩም ገና አልረገፈም። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው፤ በየአውድማው ሰው ታገኛላችሁ። ግን ውርጩ ምሕረት የለውም። መንዝ ውስጥ ባለው የጓሳ ሜዳ ላይ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የበልግ ዝናብ ሊመጣም ሊቀርም ይችላል። ክረምቱን ግን ተዉት። መረሬው አፈር ጫማችሁ ላይ እየተለጠፈ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት ኪሎ ያሸክማችኋል። ጣርማ በር ላይም ጉሙ የገዛ እጃችሁን ይደብቅባችኋል።

በቀን ስንት ኪሎ ሜትር ልሂድ? ለምን ሁሉም ሰው "ቅርብ ነው" ይላል?

ከ15 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ይበቃል። አዲስ አበባ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ 25 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው እዚህ መጥቶ በ12ኛው ላይ ድንጋይ ላይ ሲቀመጥ አይቻለሁ። ከፍታው ነው፤ በዚያ ላይ ወጣ ወረዱ አያልቅም።

"ቅርብ ነው" የሚሏችሁ ሊያታልሏችሁ አይደለም። ለእነሱ ቅርብ ነው። በዚያ ላይ የደከመውን ሰው "ሩቅ ነው" ማለት ነውር ነው፤ ያንገላታዋል። "እዚህችው ናት፣ ከተረተሩ ጀርባ" ተብላችሁ ሦስት ተረተር ልትሻገሩ ትችላላችሁ። አገጫቸውን ወደ ላይ ቀና አድርገው "እዚያ" ካሉ ግማሽ ቀን ነው።

እኔ ከብዙ ልፋት በኋላ የደረስኩበት ጥያቄ ይሄ ነው፦ "ገበያ ስትሄዱ ከቤት በስንት ሰዓት ትነሳላችሁ? እዚያስ ስንት ሰዓት ትደርሳላችሁ?" ያኔ እውነተኛው ሰዓት ይወጣል። በእሱ ላይ ለእናንተ ግማሹን ጨምሩበት።

ምን ዓይነት ጫማና ልብስ ያስፈልጋል?

የለመዳችሁት ጫማ። አዲስ ጫማ አድርጎ የመጣ ሰው ሁለተኛው ቀን ላይ ተረከዙን ፋሻ ሲጠቀልል ይውላል። የሁለት መቶ ዶላር ቡት ጫማ አድርጋችሁ ስትንፏቀቁ በኮንጎ ጫማ በግ የሚነዳ የአሥር ዓመት ልጅ እየዘለለ ያልፋችኋል። አትፈሩ፣ ይሄ ሁላችንም ላይ ደርሷል። በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ያሸነፈው አበበ ቢቂላም የተወለደው ጃቶ ነው፤ ከደብረ ብርሃን ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ሰው ጫማችሁን አይቶ ብዙም አይደነቅም።

ልብስ ደራርባችሁ ልበሱ። የዝናብ ልብስ፣ የሱፍ ኮፍያ፣ ጓንት። ጋቢ ያዙ፤ ቀን ፀሐይ ይከልላል፣ ማታ ብርድ ልብስ ይሆናል፣ ቤተ ክርስቲያን ስትገቡም ያስፈልጋል። የመንዝ ከተማ መሐል ሜዳ ከደረሳችሁ ከመንዝ በግ ጸጉር የሚሠራውን ባና ወይም በርኖስ እዩት። ከባድ ነው፣ ትንሽ ይኮሰኩሳል፣ ግን ዝናብን እንደሱ የሚመልስ ነገር በየሱቁ አላየሁም።

ስንቅ ምን ልያዝ?

በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ። ከቻላችሁ ጭኮ አስደርጉ። አያቶቻችን ይዘውት የሄዱት ነገር በአጋጣሚ የተመረጠ አይደለም፤ ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ እሳት አይፈልግም። በየከተማው ሽሮና እንቁላል ታገኛላችሁ። በመንገድ ላይ ደግሞ እንደ ወቅቱ የባቄላ እሸት ይሰጧችኋል። ውሃ አፍልታችሁ ወይም አክማችሁ ጠጡ። ዝርዝር ብር ያዙ፤ ገጠር ውስጥ በስልክ እከፍላለሁ ብላችሁ እንዳታፍሩ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የገብስ ጠላ ሲቀዳላችሁ ቀስ። ከፍታው ላይ ቶሎ ይይዛል። አረቄውን ደግሞ ማታ ብቻ።

"ለምን በእግር ትሄዳላችሁ?" ሲሉን ምን እንመልስ?

ይህን ጥያቄ በቀን አሥር ጊዜ ትጠየቃላችሁ። በትክክልም ተጠየቃችሁ። እዚህ ሰው በእግሩ የሚሄደው ምክንያት ሲኖረው ነው። ገበያ፣ ለቅሶ፣ ሠርግ፣ ፍርድ ቤት፣ ጠበል። መኪና እያለ፣ ገንዘብ እያላቸው፣ ሻንጣ በጀርባቸው አዝለው አቀበት የሚወጡ ሰዎች ጤነኛ አይመስሉም። መጀመሪያ ጊዜ ስጠየቅ "ለመዝናናት ነው" አልኩ። አባቶች ተያዩ። አንዱ "እኛ እንግዲህ ዕድሜያችንን ሙሉ ስንዝናና ኖረናል ማለት ነው" አሉ። ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ግን መልሱ እንዳልሠራ ገባኝ።

አሁን የምመልሰው "አገራችንን ለማየት ነው፤ ከደብረ ብርሃን ተነስተን አንኮበር እንገባለን" ነው። ከየት እንደተነሳችሁና የት እንደምትገቡ ሲያውቁ ይረጋጋሉ። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ "የማን ልጅ ነህ?" ነው። አትዝለሉት። የአባታችሁን ብቻ ሳይሆን የአያታችሁንም አገር ንገሯቸው። ሁለት ትውልድ ወደ ኋላ ሄዳችሁ አንድ የሚያውቁት ቦታ ከተገኘ ጉዳዩ አለቀ፤ ዘመድ ሆናችኋል።

በዕድሜ የገፉትን እማማ፣ አባባ በሉ። ካህን ከሆኑ አባ በሏቸው፤ መስቀላቸውንም ተሳለሙ። አውድማ ላይ ያሉትን "ይበርክት" በሏቸው። የሚያርሰውን "በርታ" በሉት። በዝምታ አልፋችሁ ከሄዳችሁ ግን ከኋላችሁ ወሬው ይጀመራል። ወሬው ደግሞ ከእናንተ ይፈጥናል፤ ቀጣዩ መንደር ስትደርሱ "እነዚያ የማይናገሩት" የሚል ስም ይጠብቃችኋል።

በመንገድ ላይ ምን ዓይነት ሰዎች ይገጥሙናል?

ከሁሉ በፊት እኛ ራሳችንን ረጅም ተጓዥ ብለን መጥራታችንን የሚያሳፍሩን ሰዎች። አንድ ጊዜ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ከሁለት የቆሎ ተማሪዎች ጋር ግማሽ ቀን ሄድኩ። ደበሎ ለብሰዋል፣ አኩፋዳ አንግተዋል። ታናሹ አሥራ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። ከቤቱ ወጥቶ ወደ ጎጃም ለትምህርት እየሄደ ነበር። "መቼ ትደርሳለህ?" አልኩት። "እግዜር ሲያደርሰኝ" አለኝ። በየመንደሩ "በእንተ ስማ ለማርያም" እያለ ይቆማል፤ እናቶች ቁራሽ ይሰጡታል። እኔ የያዝኩትን የኃይል ብስኩት አቀረብኩለት። ቀመሰውና በትሕትና መለሰልኝ።

ሌሎቹ ተማሪዎች ደግሞ አሉ። ከገጠር መጥተው ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይተው ሁለተኛ ደረጃ የሚማሩ። ዓርብ ከሰዓት ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። እሑድ የሳምንት እንጀራና ሽሮ ተሸክመው ይመለሳሉ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ ከተማ የሚወስደውን መንገድ ከያዛችሁ አብራችሁ ትሄዳላችሁ። ፈጣን ናቸው፣ ያወራሉ፣ እንግሊዝኛቸውን ይሞክሩባችኋል። ስለ መንገዱ ከማንም በላይ ትክክለኛ መረጃ ያላቸው እነሱ ናቸው።

ተሳላሚዎችም አሉ። ወር በገባ በ21 ወደ ጻድቃኔ ማርያም የሚሄዱትን ታገኛላችሁ። ብዙዎቹ አሁን በመኪና ነው የሚሄዱት፤ በስለት በእግራቸው የሚሄዱ ግን ዛሬም አሉ። ከእነሱ ጋር ስትሄዱ ወሬ ቀንሱ። አንዳንዱ የሚሄደው ሰው ታሞበት ነው።

የገበያ ቀን ከሆነ ደግሞ መንገዱ ይጨናነቃል፤ አህያ፣ በግ፣ ኩበት፣ ድንች፣ ዶሮ በእጅ የያዙ ሴቶች። ጠዋት ሁሉም ይቸኩላል። ከሰዓት ሁሉም ጨዋታ ይፈልጋል። ጥያቄ ካላችሁ ከሰዓት ጠይቁ።

የት ነው የማድረው?

ከተማ ውስጥ ከሆነ አልጋ አለ፤ ደብረ ብርሃን፣ አንኮበር፣ ደብረ ሲና፣ መሐል ሜዳ። ጓሳ ላይ የማኅበረሰቡ ሎጅ አለ፤ አስቀድማችሁ ደውሉ። በመካከል ከመሸባችሁ ድንኳን መትከል ትችላላችሁ፤ ነገር ግን ሳታስፈቅዱ አይደለም። ባዶ የሚመስል መሬት ሁሉ ባለቤት አለው።

ብዙ ጊዜ ግን ድንኳን ልትከል ብላችሁ ስታስፈቅዱ ቤት ግቡ ትባላላችሁ። የድሮው ሥርዓት አሁንም አለ። ደጃፍ ላይ ትቆማላችሁ፣ "ቤቶች!" ብላችሁ ትጣራላችሁ፣ "የመሸብን የእግዜር እንግዶች ነን" ትላላችሁ። "ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግቡ" ይመጣል። እግራችሁን ሊያጥቧችሁ ይችላሉ። አትከልክሉ። ምግብ ሲቀርብ "በልቻለሁ" አይሠራም፤ "አፈር ስሆን" ከተባለ በኋላ አለመብላት ስድብ ነው። የምትተኙት መደብ ላይ፣ ቁርበት ተነጥፎላችሁ ነው። የቤቱ ምርጥ ባና ለእናንተ ይሰጣል። ቤተሰቡ በምን እንደሚያድር አትጠይቁ፤ እኔ ጠይቄ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ቁንጫም አለ። ልደብቃችሁ አልፈልግም።

ላሳደሩኝ ሰዎች ገንዘብ ልስጥ?

በእጃቸው አትስጧቸው። ሞክሬ አይቻለሁ። አንድ አባት ብሩን አይተው "ቤቴ ሆቴል ሆነ ማለት ነው?" አሉኝ፤ ያ ጠዋት እስካሁን ያሳፍረኛል። ከከተማ ስትነሱ ቡና፣ ስኳር፣ ሳሙና ይዛችሁ ውጡ። ማታውኑ ለቤቱ እመቤት ስጡ፤ ቡናውም ሲፈላ አብራችሁ ጠጡ። አቦሉን ብቻ ጠጥታችሁ አትነሱ፤ በረካውን ጠብቁ።

መንገድ ለመራችሁ፣ ዕቃ ለጫነላችሁ ሰው ግን ክፍያ ክፍያ ነው። በቅሎ ወይም አህያ ከተከራያችሁ ከመነሳታችሁ በፊት ዋጋውን ተስማሙ። ሰውየው የሚመለስበትን ቀንም ቁጠሩለት፤ ይህን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው። ለልጆች ግን ብርም ከረሜላም አትበትኑ። አንድ ቡድን ዛሬ ከበተነ ነገ የሚመጣው ተጓዥ ዋጋውን ይከፍላል።

ውሻ?

አዎ፣ አለ፤ ይናከሳልም። ሩቅ ሆናችሁ "ውሻ ያዙ!" ብላችሁ ተጣሩ፤ ሰው ሳይወጣ ወደ ግቢ አትቅረቡ። ዱላ ያዙ፣ ግን አትምቱ። አትሩጡ። ድንጋይ እንደምታነሱ ሁሉ ጎንበስ ማለት ብቻውን ብዙውን ጊዜ ይበቃል፤ ይህን ያስተማረኝ ያ ትንሹ የቆሎ ተማሪ ነው። ከተነከሳችሁ ግን ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ እጠቡ፤ ጉዞውን አቋርጣችሁ ሐኪም ቤት ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ቀልድ አያውቅም።

ሴት ብቻዋን መሄድ ትችላለች?

ብቻዋን አልመክርም፤ ወንድም ብቻውን አልመክርም። ሦስት ሆኖ መሄድ ጥሩ ነው፦ አንዱ ቢጎዳ አንዱ አብሮት ይቀራል፣ አንዱ ሰው ይጠራል። አብረውኝ የሚጓዙት ሴቶች እንደሚሉት ዋናው ጣጣ ጥያቄው ነው፤ "ባልሽስ?" "ልጅስ?" ማታ ማደሪያ ሲፈለግ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እማወራዋ ሴት ካየች በሩን ቶሎ ትከፍታለች። እነሱ ጓዳ ገብተው ሲሳሳቁ እኛ ወንዶቹ ከአባወራው ጋር ስለ ማዳበሪያ ዋጋ ስናወራ እናመሻለን።

ጓሳ ላይ ሣር ማጨድም እንጨት መልቀምም ለምን ተከለከልኩ?

ቦታው የእናንተ ስላልሆነ። መንዝ ጓሳ ከአዲስ አበባ 265 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ፣ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር አካባቢ የሆነ ሜዳ ነው። ስሙን ያገኘው ከጓሳ ሣር ነው። ሣሩ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል። ቀይ ቀበሮ፣ ጭላዳ፣ ጅብራ ሁሉ ያለው እዚህ ነው።

ይህ ሜዳ የተረፈው ሰዎቹ ስለጠበቁት ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአስቦና የጌራ ባላባቶች ልጆች "ቄሮ" በሚባል ሥርዓት ይጠብቁት ነበር (ከሌላው ቄሮ ጋር አታምታቱት)። ሣሩ እስኪደርስ ሜዳው ለዓመታት ይዘጋል፤ ሲደርስ በስምምነት ይከፈታል፤ ያጭዳሉ፣ ያግጣሉ፣ መልሰው ይዘጉታል። የደፈረ ይቀጣል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ ፈረሰ። በኋላ ማኅበረሰቡ በኮሚቴ መልኩ አስነሳው። ዛሬ የሚያስቆማችሁ ጠባቂ የዚያ ልምድ ወራሽ ነው። መግቢያውን ክፈሉ፣ ጠባቂ ይዛችሁ ሂዱ፣ ምድጃችሁን ይዛችሁ ኑ። ጭላዳ ምግብ አትስጡ። ቀይ ቀበሮ ካያችሁ ቁሙ፤ አትከተሉት።

ጸጥታው እንዴት ነው?

ቀላል መልስ የለውም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል በተነሳው ግጭት ሰሜን ሸዋም ተጎድቷል። አንዱ ሳምንት እንደ ሌላው አይደለም፤ አንዱ ወረዳም እንደ ሌላው አይደለም። አዲስ አበባ ተቀምጦ "ሰላም ነው" የሚላችሁን ሰው አትመኑ፤ "እሳት ነው" የሚላችሁንም እንደዚያው። የምትሄዱበት ቦታ ላይ የሚኖር ሰው ደውላችሁ ጠይቁ። በመነሻችሁ ቀን ጠዋት እንደገና ደውሉ። "ለአሁኑ ይቅርባችሁ" ካሏችሁ ይቅርባችሁ። እኔ ስንቁ ተቋጥሮ የቀረሁበት ጊዜ አለ። በሶው ቤት ውስጥ ተበላ።

ከሄዳችሁ መታወቂያ ያዙ። የወታደር መልክ ያለው ልብስ አትልበሱ። ድሮን አታምጡ። ኬላና የታጠቀ ሰው ፎቶ አታንሱ። እንግዳ መሆናችሁ ለሚያሳድሯችሁ ሰዎችም ጣጣ ሊያመጣ ይችላል፤ ስለዚህ ስትደርሱ ለቀበሌው ወይም ለአገር ሽማግሌ አሳውቁ። ፖለቲካ ሲነሳ ሰሚ ሁኑ።

መንገድ ብጠፋ ወይም ብጎዳስ?

ሁለቱም በአንድ ቀን ደርሶብኛል። ከጣርማ በር ወደ መንዝ በሚወስደው በኩል ጉም መጣ። ጣሊያኖች የቆፈሩት ዋሻ በር ላይ ቆመን "እንጠብቅ" ተባብለን ነበር፤ እኔ ነኝ "መንገዱን አውቀዋለሁ" ያልኩት። አላውቀውም ነበር። አንድ ሰዓት ከሄድን በኋላ የሰው ባቄላ ማሳ ውስጥ ነበርን። ከካቡ ስወርድ ጉልበቴ ተጠማዘዘ።

ጉም ሲመጣ ማድረግ ያለባችሁ መቀመጥ ነው። ገደል ያለበት አገር ነው። ተቀመጡ፣ ልበሱ፣ እየተጣራችሁ ጠብቁ። እኛ ስንጮህ የማሳው ባለቤት የሆኑ አንዲት እናት ሰሙን። በልጅ ልጃቸው ተመርተው መጡና መጀመሪያ ስለ ባቄላው ገሠጹን። ከዚያ ቤታቸው ወሰዱኝ፣ ጉልበቴን በቅቤ አሹት፣ በነጠላ ጠፍረው አሰሩት፣ ጠዋት ወጌሻ አስጠሩ። ወጌሻው ነካ ነካ አድርጎ "አጥንት አልተነካም" አለ። ለወለምታ እሱም ይበቃል። እብጠቱ ካልቀነሰ፣ መርገጥ ካቃታችሁ ወይም ስብራት ከጠረጠራችሁ ግን ሳይታሽ ጤና ጣቢያ። አቅራቢያችሁ ያለው ጤና ጣቢያ የት እንደሆነ ከመነሳታችሁ በፊት ጻፉ። ፓወር ባንክ ያዙ፤ ኔትወርክ ብዙ ጊዜ የሚገኘው አፋፍ ላይ ነው።

ፎቶ አንስቼ "እልክላችኋለሁ" ብያለሁ። "ተመልሳችሁ ኑ" ብለውኛል። የምር ነው?

የምር ነው። የእናንተ ቃል ነው አጠራጣሪው። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ፤ ብዙዎቹ ልብስ ቀይረው፣ ጸጉር አበጥረው ነው መነሳት የሚፈልጉት፤ ጠብቋቸው። እልካለሁ ካላችሁ ደግሞ ላኩ። በስልክ ሳይሆን አሳትማችሁ፤ ወደዚያ ለሚሄድ ሹፌር ወይም ከተማ ለሚማር የቤቱ ልጅ ስጡ።

እኔ የእኚያን እናት ፎቶ ለማድረስ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። አሳትሜ፣ በፍሬም አድርጌ፣ ቡናና ስኳር ይዤ ሄድኩ። አያስታውሱኝም ብዬ ከደጅ ቆሜ የፎቶውን ነገር ማስረዳት ጀመርኩ። አላስጨረሱኝም።

"ጉልበትህ ተሻለህ?" አሉኝ።